የግብ ጠባቂው ጀርባ

ብዙ ከሚጽፍ ሰው ይልቅ ትንሽ የሚጽፍ ሰው ያስፈራል! ብዙ የጻፈውን ማንም አንብቦ አይጨርስለትም፤ ሦስት መስመር የጻፈውን ግን የቀበሌ ዘበኛ ሳይቀር ጮክ ብሎ ያነብለታል።

እኔ ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ፤ በዚያ ላይ ዓይን አፋር ነኝ። ዓይን አፋር ስላችሁ እንደ ሙሽራ ለወጉ ያህል የማፍር እንዳይመስላችሁ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሽሮ ሜዳ መውረድ ሲገባኝ እስከ መጨረሻው ሄጄ በእግሬ ቁልቁል የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ታዲያ ዘንድሮ ጋዜጣው እንደ ክረምት እንጉዳይ ሲፈላ፣ ጎረቤቴ ሁሉ ብዕር ጨብጦ የቀድሞውን መንግሥት ብቻውን እንደጣለ ሲጽፍ አየሁና «እኔስ ምን አነሰኝ?» አልኩ። ደግሞም መጻፍ እንደ መናገር አይደለም። ስትጽፉ ማንም ፊታችሁን አያይም።

«ጽፌ አላውቅም» ያልኩት ግን... እ... ማለቴ፣ አንዴ ጽፌያለሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር። በእነዚያ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አሥራ አንድ ልጆች ከነወላጆቻቸው ቀበሌ ተጠሩ፣ አንድ አሠልጣኝ የሕይወት ታሪኩን አራት ጊዜ ጻፈ፣ የገዛ ወንድሜ ደግሞ ከኳስ ሊባረር ደረሰ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ አባቶች። የብዕር ወለምታ በምን እንደሚታሽ ግን ሳይነግሩን አለፉ።

በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ እዚሁ ጉለሌ፣ በጋሽ ተሰማ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ነው። ደንበኛ ሲመጣ ጋሽ ተሰማ ይቀበላሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ «አገጭዎን ቀና!» ይላሉ። እኔ ከጥቁሩ መጋረጃ ወዲያ ሆኜ እሠራለሁ። ሰው ያየኛል ብዬ ሳልጨነቅ ሰውን ሁሉ አያለሁ። እንደ እኔ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ እግዜርም አልፈጠረ!

ሥራዬ ጀርባ ማጥፋት ነበር። አትደንግጡ! በእኛ በፎቶ ቤቶች ቋንቋ «ጀርባ» ማለት ከሚነሣው ሰው ኋላ የሚታየው ነገር ሁሉ ነው። ግድግዳው፣ ዛፉ፣ የጎረቤት ውሻ... ውጭ የተነሣ ፎቶ ጀርባው ካላማረ፣ ሰዎቹን ዙሪያቸውን በምላጭ ቆርጬ አወጣለሁ፤ ጋሽ ተሰማ በቀለም በሣሉት ሐይቅ ላይ እለጥፋቸዋለሁ፤ ጠርዛቸውን በቀጭን ብሩሽ አስተካክላለሁ፤ ከዚያ እሳቸው መልሰው ያነሡታል። በቃ! ሐይቁ ዘንባባ አለው፣ ሁለት ነጫጭ ወፎችም አሉት። በዚያን ዘመን ያገባ የሰፈራችን ሰው ሁሉ እዚያ ሐይቅ ዳር ቆሟል። ሐይቁ የት አገር እንደሚገኝ ግን ጋሽ ተሰማም አያውቁም።

የሰው ጀርባ ስንት ጉድ እንዳለው የሚያውቅ ጀርባ አጥፊ ብቻ ነው። ጋሽ ተሰማ እንደነገሩኝ፣ አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን ፎቶ ቤቱ መግቢያ አልነበረውም። ሰዉ የሰርጉንና የክርስትናውን ፎቶ እያመጣ «እባክዎ ከኋላችን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ንጉሥ ያውርዱልን» ይላል። ዓመት ሳይሞላ ያው ሰው ተመልሶ በወረዱት ቦታ ሌላ ያሰቅላል። ዘንድሮ ደግሞ ያንን ሊያስወርድ... ተዉት! «መንግሥት ሲለወጥ የሚከብረው ምላጭ ሻጭ ነው» ይሉ ነበር ጋሽ ተሰማ።

ወደ ኳሱ ልመለስ። ቀበሌያችን፣ ቁጥሩ ይቅርብኝ፣ የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን ነበረው። ግብ ጠባቂው ወንድሜ ደሳለኝ ነው፤ እኛ ደስዬ እንለዋለን፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቡድኑ እሁድ ለከፍተኛው ዋንጫ ሊጫወት ነው። ከፍተኛ የቀበሌዎች ሁሉ አለቃ ነበር፤ አለቃው ደግሞ «እስከ ቅዳሜ የቡድን ፎቶ ያላስገባ አይጫወትም» ብሏል። ደስዬ ቁጥር አንድ የተሰፋባትን ማልያ እንደለበሰ ይተኛል፣ እንደለበሰ ይነሣል። እማዬ «አውልቀህ ስጠኝና ልጠባት» ስትለው «ዕድሌን ልታጥቢው ነው?» ብሎ ያለቅሳል። በሕይወቱ የፈለጋት ነገር ያቺን እሁድ ብቻ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ጋሽ ተሰማ ሜዳ ወርደው ቡድኑን አነሡ። ደመናው ከእንጦጦ ላይ እየወረደ ስለነበር ተቻኩለው አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ!» አደረጉና ዕቃቸውን ሰብስበው ሮጡ። ማክሰኞ ጠዋት ፎቶውን አጥቤ ሳወጣው... ወይ ጉድ!

ልጆቹ ደኅና ናቸው። ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ ተንበርክኳል። ጀርባቸው ግን! ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭና የምትወርድ አህያ ልክ ከደስዬ ኋላ ቆማ፣ ሁለት ጆሮዎቿ ብቻ ከአናቱ ላይ ወጥተዋል። ግብ ጠባቂያችን የአህያ ጆሮ አብቅሏል! ከአሠልጣኙ ከይልማ ኋላ የልብስ ገመድ አለ። ገመዱ ላይ የተሰቀለ የአንዲት ወፍራም ሴትዮ ሙታንታ፣ ነፋስ ነፍቶት፣ እንደ ዘውድ ይልማ ራስ ላይ ጉብ ብሏል። በቀኝ በኩል ደግሞ... እንዴት ብዬ ልጻፈው... ካፖርት የለበሰ አንድ ሰውዬ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አጥር፣ ጀርባውን ወደ እኛ መልሶ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆሟል። አጥር ሊያደንቅ እንዳልቆመ ከእግሩ ሥር የሚወርደው ጅረት ይመሰክርበታል። ተረቱ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ነው፤ ይህ ሰውዬ ግን ከመነቅነቅ አልፏል።

ጋሽ ተሰማ አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አስቴር፣ ይህ ጀርባ ከፍተኛ ፊት አይቀርብም።»

«ሐይቁ ላይ ላድርጋቸው?»

«አድርጊያቸው። አሥራ ሁለት ሰው ቆርጦ ማውጣት ግን ሁለት ቀን ይፈጅብሻል። እኔ አሁን ሱሉልታ ለቅሶ እሄዳለሁ፤ የምመለሰው ዓርብ ነው። አንቺ ቀበሌ ሂጂና፣ ጀርባው ጥሩ ስላልሆነ ሁለት ቀን ይስጡን ብለሽ ንገሪያቸው።»

«እኔ?»

«ታዲያ አህያዋ ትንገራቸው?»

ቀበሌ ገብቶ መናገር! ከፎቶ ቤቱ እስከ ቀበሌው በር ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዘበኛው «ምን ፈለግሽ?» ሲለኝ «ምንም» ብዬ እመለሳለሁ። በአራተኛው ላይ ብልሃት መጣልኝ። ለምን አልጽፍላቸውም? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም! ከደብተር አንድ ወረቀት ገነጠልኩና፣ መምህሬ ከእኔ ያደነቁት ብቸኛ ነገር በሆነው በእጅ ጽሑፌ እንዲህ ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ፦

«የልጆቹ ጀርባ ጥሩ ሆኖ አልተገኘም። በተለይ የግብ ጠባቂውና የአሠልጣኙ ጀርባ እጅግ የከፋ ነው። ሁለት ቀን ቢሰጠን እናጠፋዋለን።»

«ፎቶ» የሚል ቃል አልጻፍኩም። ለምን እጽፋለሁ? እኛ ቤት ጀርባ ማለት ጀርባ ነው! ስሜንም አልጻፍኩም፤ አፈርኩ። ዘበኛው ምሳ እስኪሄድ ጠብቄ፣ ወረቀቱን አጥፌ በጽሕፈት ቤቱ በር ሥር አሾለክሁና ሮጥኩ።

ሰዉ ዘንድሮ ቶሎ ይረሳልና ላስታውሳችሁ። በቀበሌ ቋንቋ «ጀርባ» ሌላ ነበር። አባትህ ባላባት ነበር ወይ? አጎትህ የት ገባ? ወንድምህ ከእነማን ጋር ይውል ነበር? እሱ ነው ጀርባ። «ጀርባው ይጣራ» የተባለ ሰው እንኳን እህል ውሃም አይወርድለትም። እንግዲህ አስቡት... ስም የሌለው ወረቀት፣ በበር ሥር ሾልኮ የገባ፣ «የግብ ጠባቂው ጀርባ እጅግ የከፋ ነው» የሚል!

ረቡዕ ጠዋት እኔ በምላጬ የአህያዋን ጆሮ ከወንድሜ ፀጉር ልለይ ስል፣ ባለቤቱ ራሱ እያለቀሰ ገባ።

«ምን ሆንክ ደስዬ?»

«ቡድኑ ታገደ!»

«በምን ምክንያት?»

«ጀርባችሁ መጥፎ ነው አሉን!»

«እሱማ መጥፎ ነው» አልኩት፣ ዓይኔን ከሥራዬ ሳላነሣ። «እያጠፋሁት ነው።»

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«ትናንት ነው ያየሁት። የአንተማ ጆሮ ሁሉ አለው።»

«እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም!» ብሎ ጮኸ። «ይልማን ከጠዋት ጀምሮ ቀበሌ አስቀምጠው የሕይወት ታሪክህን ጻፍ እያሉት ነው! እኔን ደግሞ የአባታችንን ጀርባ ጠየቁኝ!»

ምላጩን አስቀመጥኩ። «የአባታችንን? ለምን?»

«ወረቀት ተጽፎብናል! ጸረ-ሕዝብ የሆነ ሰው ጽፎብናል!»

ጸረ-ሕዝቧ እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ሰፈሩ ምን እንደመሰለ ልንገራችሁ። አባታችን ከሞተ አምስት ዓመቱ ነበር፤ በንጉሡ ጊዜ የአንድ ደጃዝማች በር ጠባቂ ሆኖ ኖሯል። እማዬ ከጓዳ ሳጥን የሱን ፎቶ አውጥታ «አንተ ሰውዬ፣ ሞተህም አታርፍም?» ትለዋለች። ከደጃዝማቹ መሬት ለእኛ ቤት የደረሰን አባባ በጫማው ይዞት የሚመጣው ጭቃ ብቻ ነበር፤ ግን ይህን ለማን ታስረዳለህ? የተከላካዩ የያዕቆብ እናት ደግሞ ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ቀንሰው ነው የሚዘምሩት። «ጀርባ ይጣራል» ሲባል የመዝሙር መጽሐፋቸውን በሽሮ ጆንያ ውስጥ ቀበሩት። ለአንድ ወር ያህል የእነ ያዕቆብ ሽሮ ወረቀት ወረቀት ይል ነበር። ይልማ ሦስተኛ የሕይወት ታሪኩን ሲያስረክብ የአያቱ ስም ከሁለተኛው ጋር በአንድ ፊደል ስለተለየ አራተኛ ታዘዘ። በአራተኛው ላይ አያቱን ጨርሶ ተዋቸው።

ማታ እራት ላይ ተናዘዝኩ።

«እማዬ... ወረቀቱን እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ጉርሻዋን አፏ ጋ አድርሳ ቆመች። «አንቺ? እንደምን አደራችሁ ማለት የሚያልብሽ ልጅ?»

ሁሉን ነገርኳት፤ አህያዋን፣ ሙታንታውን፣ አጥሩን። ደስዬ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ነገ የወላጆች ስብሰባ ተጠርቷል» አለች እማዬ። «እዚያ ተነሥተሽ ይህንኑ ትናገሪያለሽ።»

«ሰው ፊት? እማዬ ሞቼ እገኛለሁ! እጽፍላቸዋለሁ...»

«ትጽፊያለሽ?! ብዕር ያዢና ጣትሽን ከነብዕሩ ነው የምቆርጠው!»

ደስዬ ማልያውን አወለቀና አጣጥፎ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት የቀበሌው አዳራሽ በወላጅ ጢም ብሏል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይንዶቀዶቃል። እኔ ፎቶውን በፖስታ ከትቼ፣ በነጠላዬ ሥር አቅፌው ከእማዬ ጎን ተቀምጫለሁ። መድረኩ ላይ የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ መንገሻ ወረቀቴን በሁለት ጣቱ ይዞ ቆሟል። እጅ ጽሑፌ ከሩቅ ሲታይ ያምራል።

«ጓዶች!» አለ። «ጠላት በየት በኩል ይገባል? በተራራ ይገባል? አይገባም! በኳስ ይገባል! ግብ ጠባቂ ማለት ማን ነው? በር የሚጠብቅ ነው። የበር ጠባቂው ጀርባ የከፋ ከሆነ በሩ ለማን ነው የሚከፈተው? ስናጣራ ምን አገኘን? አባቱም በር ጠባቂ ነበር፤ የደጃዝማች በር ጠባቂ! ጓዶች፣ በዚህ ቤተሰብ በር መጠበቅ የቆየ ሤራ ነው!»

እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እግሬ ግን የእኔ መሆኑን ረስቷል።

ሽሮ ሜዳ መንገድ ላይ ልብስ የሚሰፉት አቶ ሻንቆ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ፣ የእኔ ልጅ ግራ ክንፍ ነው። ምን አጠፋ?»

«ግራ ክንፍ መሆኑ መልካም ነው» አለ ጓድ መንገሻ። «ነገር ግን ግራ ጽንፈኛ እንዳይሆን መጣራት አለበት።»

«እሺ የእኔስ ጀርባ ምን ሆነ? ጀርባ፣ ጀርባ ትላላችሁ... ይኸው!» አሉና ዞረው ሸሚዛቸውን እስከ ትከሻቸው ገለጡት። «ሠላሳ ዓመት መኪና ላይ አጎንብሶ የጎበጠ ነው! አጣሩት!»

«ይሸፍኑት ጓድ! ይሸፍኑት!» አለ ጓድ መንገሻ። ነገሩ ከመስመር ሊወጣበት ሆነና፣ «አጀንዳውን ልጻፍላችሁ» ብሎ ጠመኔ አንሥቶ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረ።

ያን ጊዜ ነው ጀርባውን ያየሁት።

እኔ የሰው ፊት ቀና ብዬ የማየው እምብዛም ነው፤ ያቺን ጀርባ ግን ሁለት ቀን ሙሉ በማጉያ መነጽር ሳያት ሰንብቻለሁ። የካፖርቱን የኋላ መቀነት አውቀዋለሁ። ግራ ትከሻው ላይ ያለችውን ከካፖርቱ ነጣ ያለች ባለ ሦስት ማዕዘን መጣፊያ አውቃታለሁ። አቋሙንም አውቀዋለሁ፤ አሁን ከእግሩ ሥር የጎደለው ጅረቱ ብቻ ነው! ለካ ሰኞ ዕለት፣ ደስዬ እንዳወራልኝ፣ ጓድ መንገሻ ልጆቹን አንድ ሰዓት ሙሉ በንግግር ካደረቃቸው በኋላ «መጣሁ፣ ሳልመጣ እንዳታነሡ» ብሎ ዞር ያለው ወደዚያ አጥር ኖሯል። ደመናው ደግሞ የማንንም ትእዛዝ አልጠበቀም።

አሁን ምን ላድርግ? ፎቶውን ካላሳየሁ ወንድሜ አይጫወትም፤ ይልማም አምስተኛውን ይጽፋል። ካሳየሁ... የጸሐፊውን ጀርባ ያጋለጠ ሰው የራሱ ጀርባ ምን ይሆናል?

«ተነሽ!» አለች እማዬ፣ ጎኔን በክርኗ ወግታ። ከአግዳሚው ተስፈንጥሬ ቆምኩ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም፤ የደስዬ ማልያ ጭኔ ላይ ስትቀመጥ ትዝ አለችኝ መሰል፣ አፌ ተከፈተ።

«ጓድ... እ... ማለቴ... ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። ጀርባ ያልኩት የፎቶውን ነው። ከኋላቸው አህያ አለ፤ እና... የታጠበ ልብስ። እሱን እናጠፋለን ማለቴ ነበር። ልጆቹ ምንም አላደረጉም። በቃ።»

በሕይወቴ ያንን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

«ማስረጃሽስ?» አለ ጓድ መንገሻ።

«ፎቶው እዚህ አለ... ግን ይቅርብኝ ጓድ። ብቻዎን ቢያዩት...»

«ከሕዝብ የሚደበቅ ምን አለ? አንቺ ልጅ፣ አምጪ!»

«ለእርስዎ ብዬ ነው...»

«ለእኔ? ታስፈራሪኛለሽ? አምጪ አልኩሽ!»

ሰጠሁት። አህያዋን አይቶ ሳቀ። ሙታንታውን አይቶ ባሰበት። ይልማ ጥግ ላይ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጓድ መንገሻ ቀኝ ጥጉን አየና ግንባሩ ተኮማተረ። አላወቀውም! እንዴት ያውቀው? ሰው የሁሉን ጀርባ ሊያጣራ ይችላል፤ የገዛ ራሱን ጀርባ ግን አይቶት አያውቅም።

«ጓዶች!» ብሎ ፎቶውን ወደ ላይ አነሣው። «የከፋ ጀርባ ማለት ይኸውላችሁ! የታጠበ ልብስ ድህነት ነው፤ አህያም የጭቁኑ ሕዝብ ሀብት ናት። ይህ ግን ምንድን ነው? በጠራራ ፀሐይ፣ በሕዝብ አጥር ላይ! ሴቶችና ሕፃናት በተሰበሰቡበት! ይህ ኋላ ቀር ሰው ተለይቶ ለሕዝብ ፍርድ መቅረብ አለበት። ፎቶው ይዙር! የሚያውቀው ይናገር!»

ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። የደረሰው ሁሉ መጀመሪያ ፎቶውን ያያል፤ ቀጥሎ መድረኩን ያያል፤ ቀጥሎ የጣሪያውን ቆርቆሮ መቁጠር ይጀምራል። የያዕቆብ እናት ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። እማዬ አይታ «ወይ እናቴ ማርያም» አለችና ቶሎ አሳለፈችው። ይህን ጊዜ አቶ ሻንቆ ዘንድ ደረሰ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ ፎቶውን አፍንጫቸው ጋ አስጠጉ።

«አወቅሁት!» ብለው ብድግ አሉ።

«ጎበዝ! ማን ነው?»

«ሰውዬውን አይደለም ጓድ፣ መጣፊያዋን ነው ያወቅኋት! ይህች የእኔ እጅ ናት! ይኸው፣ ስፌቷ ወደ ውስጥ ተመልሶ የለም? በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚመልስ ሌላ ሰው የለም። ያኔ የካፖርቱ ዓይነት ጨርቅ ጠፍቶ ከራሴ አሮጌ ሱሪ ቆርጬ ነው እኮ የጣፍኳት። ባለፈው ጥቅምት ነው፤ ጓድ መንገሻ ራስዎ አምጥተውልኝ...»

ቆሙ። ፎቶውን አዩ። ጓድ መንገሻን አዩ። እንደገና ፎቶውን አዩ። ጨዋ ሰው ናቸውና የጀመሩትን ነገር እንዲሁ አንጠልጥለው መተው አልፈለጉም።

«...ለመሆኑ ስፌቷ ጠብቃልዎታለች?»

እናንተ፣ በዚያን ዘመን በቀበሌ ጸሐፊ ላይ አይሳቅም። ስለዚህ አዳራሹን በሙሉ ሳል ያዘው። ወንዱ ያስላል፣ ሴቱ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ያስላል። ዘበኛው በር ላይ ሆኖ እንባው እስኪወርድ ሳለ። ጓድ መንገሻ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ላከና ግራ ትከሻውን ዳሰሰ። መጣፊያዋ አለች።

«ጉዳዩ... እ...» አለ። «ጉዳዩ ተጣርቷል። ልጆቹ ንጹሕ ናቸው፤ ይጫወታሉ። አሠልጣኙ ይሂድ። አያቱም... ይሁኑ ግድ የለም። የፎቶው ጀርባ ግን በአስቸኳይ ይጥፋ!»

ፎቶውን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ወጣ። እንዴት ወጣ መሰላችሁ? ጀርባውን ላለማሳየት የኋሊት እየተራመደ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አድርጎ፣ በሩን በእጁ እየፈለገ። ድሮ እንዲህ የሚወጣው ከንጉሥ ፊት ነበር አሉ።

ኔጋቲቩ፣ ፎቶ ደጋግሞ የሚታተምበት ፊልም፣ እኛው ዘንድ ስለነበር፣ እኔ ሐሙስ ሌሊቱንና ዓርብን ሙሉ ከአዲስ እትም ልጆቹን ቆራርጬ አወጣሁ። ቅዳሜ ይልማ ፎቶውን ይዞ ከፍተኛ ሄደ። አሥራ አንዱ ልጆች ከነአሠልጣኛቸው፣ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበው፣ ከዘንባባ ሥር ሐይቅ ዳር ቆመዋል። አንደኛዋ ነጭ ወፍ የግራ ክንፋችን ትከሻ ላይ ልታርፍ ምንም አልቀራትም። የከፍተኛው ሰውዬ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው አሉ።

«ጉለሌ ሐይቅ አለ እንዴ?»

«በዕቅድ ተይዟል» አለው ይልማ።

ሰውዬው ማኅተሙን መታ።

እሁድ ተጫወቱ፤ አራት ለባዶ ተሸነፉ። እማዬ ቅዳሜ ማልያዋን ስላጠበቻት ነው ይላል ደስዬ እስከ ዛሬ። ግን ተጫወተ። አራተኛዋ ጎል ስትገባበት እንኳ እየሣቀ ነበር፤ እኔም በመጋረጃ ቀዳዳ ሳይሆን ሜዳ ዳር ቆሜ አየሁት።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ተሰማ ጨለማ ክፍል ገብተው፣ እኔ የፎቶ ቤቱን መስታወት ስጠርግ፣ ጓድ መንገሻ መጣ። መጋረጃው ሩቅ ነበር፤ መሸሽ አልቻልኩም። ያ ሁሉ ብርድና ካፊያ እያለ በስስ ሸሚዝ ነው የመጣው። ሐይቁን አየ፣ ዘንባባውን አየ፣ የተሰቀሉትን ሙሽሮች አንድ በአንድ አየ። እኔ መጥረጊያ ጨርቄን ጨብጬ ቆሜያለሁ። «ደኅና ሥራ ነው» አለ። እስከ በሩ ሄደና ውጭውን ግራና ቀኝ ቃኝቶ ተመለሰ። እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከዚያች ቀን በፊት «አንቺ» እንጂ ሌላ ብሎኝ አያውቅም፤ ከዚያች ቀን በኋላ ደግሞ መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገር ጀመር እንጂ አንድ ቃል አልተናገረኝም። የመጨረሻ ቃሉን የነገረኝ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፦

«እመቤት... እ... ማለቴ... ኔጋቲቩ እርስዎ ዘንድ ነው ያለው?»